የሚዛን ምስክርነት

ጥያቄ፦ የ7ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎቼ የማነጻጸር እንቆቅልሽ ሲሰጣቸው በግምት ይመልሳሉ። ምን ይበጃል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር ሆይ፤ ከልሳን አስቀድሞ ዓይንና እጅ ይማሩ ዘንድ፣ መልካቸው አንድ የሆኑ፣ ነገር ግን አንዱ ብቻ የቀለለ 9 ሳንቲሞች ከባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ጋር ያቅርቡላቸውና፣ ቀላሉን በ2 ምዘና ብቻ እንዲለዩ ይጠይቋቸው። ብዙዎቹ 4ቱን በ4ቱ ይመዝናሉ፤ ሚዛኑ ቢያዘነብል ግን ከ4 አንዱን በቀረው 1 ምዘና በእርግጥ መለየት እንደማይቻል ሲያዩ፣ 3ቱን በ3ቱ መዝኖ 3ቱን በውጭ ማቆየት እንደሚሻል፣ የሚዛኑ ዝምታም እንደ ማዘንበሉ ሁሉ ምስክር መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል። (እኔስ ከመልሱ ይልቅ ያን የመጀመሪያ ስሕተት እወዳለሁ።) ቀጥሎም «ሣራ ከማርታም ከሐናም ትረዝማለች» ብለው፣ ከማርታና ከሐና ረጅሟ ማን እንደሆነች ይጠይቁ፤ «አይታወቅም» ያለውንም ተማሪ ሙሉ ማርክ ይስጡት።