የብራና መጽሐፍ እንደ ዛፍ፦ የሰነድን ክፍል በፕሮግራም ስለ መያዝና ስለ ማዛወር

በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ ስፍራዎች በሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤት የሚቀመጥ የብራና ወንጌል ብዙውን ጊዜ ወንጌል ብቻ አይደለም። በኅዳጉና በባዶ ቅጠሎቹ ላይ ለደብሩ የተሰጠው ጉልት፣ የሰጪው ስም፣ የምስክሮች ዝርዝር፣ የንዋያተ ቅድሳት ቆጠራ ተጽፎ ይገኛል። ቅዱሱን መጽሐፍ ለመፋቅ ወይም ለመጣል የሚደፍር ስለማይኖር ውሉን ይጠብቃል የሚል እምነት ነበር። እንግዲህ የማስታወሻው ክብደት ከቃሉ ብቻ ሳይሆን ከተጻፈበት ስፍራም የሚመነጭ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ጥያቄ የሚከተለው ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ወደ ኮምፒዩተር ካስገባን በኋላ ማስታወሻዎቹን ለይተን ማጥናት ብንፈልግ፣ የነበሩበትን ስፍራ ሳናጠፋ እንዴት እናወጣቸዋለን?

ሰነድ ለምን ዛፍ ይባላል?

እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን በምስል አስቀርቷል። ነገር ግን ምስል የቅጠሉን መልክ ያሳያል እንጂ ምዕራፉ የት እንደሚጀምር ለኮምፒዩተር አይነግረውም። ይህን ለመንገር እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ የሆነው ኤክስኤምኤል የተባለው የምልክት ቋንቋ ያገለግላል። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘ ፕሮጀክትም የኢትዮጵያንና የኤርትራን የብራና መጻሕፍት የሚመዘግበው በዚሁ መንገድ ነው። ለማስተማሪያ ያዘጋጀነው ምሳሌ ከዚህ በታች ቀርቧል።

<መጽሐፍ>
  <ወንጌል>
    <ምዕራፍ ቁጥር="3">
      <ንባብ> … <ቅጠል ቁጥር="12"/> … </ንባብ>
    </ምዕራፍ>
    <ምዕራፍ ቁጥር="4">
      <ንባብ> … </ንባብ>
      <ኅዳግ መለያ="ማ1" ዓይነት="ጉልት"> … </ኅዳግ>
    </ምዕራፍ>
  </ወንጌል>
  <መዝገብ/>
</መጽሐፍ>

ፕሮግራሙ ይህን ሲያነብ በማስታወሻው ውስጥ ዛፍ ይተክላል። «መጽሐፍ» ሥሩ ነው፤ «ወንጌል» እና «መዝገብ» ልጆቹ ናቸው። እያንዳንዱ ክፍል አንጓ ወይም ኖድ ይባላል። በአንድ ወላጅ ሥር ያሉ አንጓዎች ታላቅና ታናሽ አላቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ትርጉም ስላለው ነው። «ዓይነት» እና «ቁጥር» ግን የአንጓው መገለጫዎች እንጂ ልጆቹ አይደሉም።

የአንጓዎቹን ስም በፊደላችን መጻፋችን ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ታሪክ አለው። የመጀመሪያው የኤክስኤምኤል ደንብ ለስያሜ የሚፈቀዱ ፊደላትን የወሰነው በጊዜው በነበረው የዩኒኮድ ሁለተኛ እትም ነበር። የግእዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው ደግሞ በ3ኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስለዚህ በሰነዱ ውስጥ ያለው ንባብ በግእዝ ፊደል ሊሆን ቢችልም የአንጓው ስም ግን አይፈቀድም ነበር። እገዳው የተነሣው መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ኤክስኤምኤል 1.1፣ ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው የኤክስኤምኤል 1.0 አምስተኛ እትም ነው።

አንድ አንጓ፣ አንድ ወላጅ

ፕሮግራሞች ዛፉን የሚፈልጉበት፣ የሚቀጥሉበትና የሚቆርጡበት ደንብ ዶም ይባላል፤ የመጀመሪያው ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1998 ጸድቋል። ከሁሉ አስቀድሞ ልብ ልንለው የሚገባው ሕግ እያንዳንዱ አንጓ ከአንድ በላይ ወላጅ ሊኖረው እንደማይችል ነው።

ይህ ምን ያስከትላል? «ማ1» የተባለውን ማስታወሻ አግኝተን «በመዝገብ ሥር ጨምረው» ብለን ብናዝ፣ ፕሮግራሙ አይገለብጠውም፤ ያዛውረዋል። ማስታወሻው በመዝገቡ ይታያል፤ ከምዕራፍ 4 ግን ጠፍቷል። ፕሮግራሙ የታዘዘውን ፈጽሟልና ምንም የስሕተት መልእክት አይሰጥም። ወንጌሉን ኋላ የሚያነብ ሰው በዚያ ስፍራ ኅዳግ እንደነበረ የሚያውቅበት ምልክት አያገኝም።

ስለዚህ መቅዳት ያስፈልጋል። ቅጂም ሁለት ዓይነት ነው። ቀላል ቅጂ አንጓውንና መገለጫዎቹን ብቻ ይወስዳል፤ በውስጡ ያለውን ጽሑፍ ይተዋል። ሙሉ ቅጂ ከነልጅ ልጆቹ ይወስዳል። ሙሉ ቅጂ «መለያ» የተባለውንም መገለጫ አብሮ ስለሚቀዳ፣ በአንድ ሰነድ ውስጥ ሁለት «ማ1» እንዳይኖሩ የቅጂውን መለያ መለወጥ ወይም ማንሣት ይገባል።

ቁራጭ የሚሰጠው ጥቅም

ብዙ ማስታወሻዎችን አንድ በአንድ ወደ ዛፉ ከማስገባት ይልቅ በመጀመሪያ ወላጅ በሌለው ቁራጭ ላይ መሰብሰብ ይቻላል። ቁራጩ እንደ ጊዜያዊ እንቅብ ያገለግላል፤ ወደ ዛፉ ሲገባ የሚቀጠሉት ልጆቹ ናቸው፤ እርሱ ራሱ ባዶ ሆኖ በውጭ ይቀራል። የፕሮግራሙን ሐሳብ በአማርኛ ብናስቀምጠው እንደሚከተለው ይሆናል።

ቁራጭ = አዲስ_ቁራጭ()
ለእያንዳንዱ ማስታወሻ በ ሁሉንም_ፈልግ(ወንጌል፣ "ኅዳግ")፦
    ቅጂ = ሙሉ_ቅጂ(ማስታወሻ)
    ቅጂ.መገለጫ("ምንጭ") = ማስታወሻ.መገለጫ("መለያ")
    ቅጂ.መገለጫ("ቅጠል") = የቀደመ_ቅጠል(ማስታወሻ)
    ቅጂ.አንሣ("መለያ")
    ቁራጭ.ጨምር(ቅጂ)
መዝገብ.ጨምር(ቁራጭ)

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ እንጨምር። አንዳንድ የፍለጋ ትእዛዞች የሚመልሱት ዝርዝር ሕያው ነው፤ ዛፉ ሲለወጥ ዝርዝሩም አብሮ ይለወጣል። አራት ማስታወሻዎች ቢኖሩና ከቅጂ ይልቅ እያነሣን ብንሄድ፣ የመጀመሪያው ሲነሣ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ስፍራ ይይዛል። ፕሮግራሙ ግን ወደ ሁለተኛው ስፍራ ስለሚያልፍ የሚያነሣው ሦስተኛውን ነው። በመጨረሻም ሁለተኛውና አራተኛው ሳይነኩ ይቀራሉ። መፍትሔው ዝርዝሩን ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ መሄድ ወይም አስቀድሞ የማይለወጥ ዝርዝር መያዝ ነው።

ሁለት ዛፎች በአንድ መጽሐፍ

በምሳሌያችን «ቅጠል» የተባለው አንጓ በውስጡ ምንም የለውም። ምክንያቱን እንመልከት። የብራና መጽሐፍ በእውነቱ ሁለት ዛፍ ነው። አንደኛው የንባቡ ዛፍ ሲሆን ከወንጌል ወደ ምዕራፍ፣ ከምዕራፍ ወደ ቁጥር ይወርዳል። ሁለተኛው የአካሉ ዛፍ ሲሆን ከጥራዝ ወደ ቅጠል፣ ከቅጠል ወደ ዓምድ፣ ከዓምድ ወደ መስመር ይወርዳል። ቅጠል 12 ከምዕራፍ 3 አጋማሽ ተነሥቶ ምዕራፍ 4 ውስጥ ቢያልቅ፣ ሁለቱ ይጣረሳሉ። አንድ አንጓ ሁለት ወላጅ ሊኖረው ስለማይችል ዛፉ ይህን አይቀበልም። ስለዚህ የንባቡን ዛፍ ዋና አድርገን፣ ቅጠሉ የሚጀምርበትን ስፍራ እንደ ድንበር ድንጋይ በባዶ አንጓ እናመለክታለን።

ይህ ዘዴ ዋጋ ያስከፍላል። ምዕራፍ 4ን ብቻ ቆርጠን ብናወጣ ቅጠሉን የሚነግረን ምልክት አብሮ አይወጣም፤ ምልክቱ የቆመው በምዕራፍ 3 ውስጥ ነውና። «የቀደመ_ቅጠል» ያልነው ተግባር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ከማስታወሻው ተነሥቶ በሰነዱ ቅደም ተከተል ወደ ኋላ ይሄዳል፤ መጀመሪያ የሚያገኘውን የቅጠል ምልክት ይመልሳል። ይህም መደረግ ያለበት ማስታወሻው ገና በዛፉ ላይ ሳለ ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ ወደ ኋላ የሚሄድበት መንገድ የለውም።

ከዚህ የምንማረው መሠረታዊ ነገር የአንድ ክፍል ስፍራ የክፍሉ ንብረት አለመሆኑን ነው፤ ስፍራ የዛፉ ነው። ክፍሉን ከመቁረጣችን በፊት ስፍራውን ካልመዘገብን ዳግመኛ ልናገኘው አንችልም።

ይህ ለጎንደር አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ላሠሩት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አድባራት ብዙ መጻሕፍት አስወስደው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከነዚያ መካከል 350 ያህሉ ወደ ለንደን ሄደው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። መጽሐፍ ከአገሩ ሲነቀል ደብሩን የሚናገርለት በኅዳጉ ያለው ማስታወሻ ነው፤ ማስታወሻው ከመጽሐፉ ሲነጠል ደግሞ የሚመሰክርለት መጽሐፉ ነው። ሁለቱን የሚለያይ ፕሮግራም የምንጽፍ ከሆነ፣ መመለሻውንም አብረን መጻፍ ግዴታችን ነው።

ለአንባቢው መልመጃ እንተው። ከላይ ባቀረብነው ፕሮግራም ውስጥ ቅጠሉን የምንጠይቀው ስለ «ማስታወሻ» ነው። ስለ «ቅጂ» ብንጠይቅ ምን መልስ እናገኛለን? ለምንስ?