በስልካችን ውስጥ ስላለው ተራ አስከባሪ

በዱከም መናኸሪያ ቆሞ ያስተዋለ ሰው፥ ተራ አስከባሪ ባይኖር ምን ያህል ግርግር ይነሣ እንደ ነበር አይጠፋውም። የትኛው ሚኒባስ ወደ ቢሾፍቱ፥ የትኛው ወደ አዲስ አበባ እንደሚጭን፥ ማን እንደሚቀድምና ማን እንደሚቆይ የሚወስነው እርሱ ነው። በኮምፒውተርና በእጅ ስልክም ውስጥ እንደዚሁ ያለ ተራ አስከባሪ ይገኛል። ይኸውም ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ዋና ፕሮግራም ክፍል ሲሆን፥ ሥራው ፕሮሰሰሩን ለየትኛው ፕሮግራም፥ መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ መወሰን ነው።

እኔ በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ ያሰብኩት ይህ ተራ አስከባሪ ባትሪን እንዴት እንደሚቆጥብ ነው። ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። መብራት በጠፋበት ማታ ስልኩ ለተማሪው ፋኖሱም መጽሐፉም ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ደግሞ የእናቱ የገበያ ገንዘብም በዚያው ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚፈጀው ኃይል ከፍጥነቱና ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ያድጋል፤ ፍጥነት ሲጨመር ደግሞ ቮልቴጁም መጨመር ይኖርበታል። ለማስረዳት ያህል አሃዞቹን ራሴ ልምረጥ። አንድ ሥራ በ1 ቮልትና በሙሉ ፍጥነት በ1 ሴኮንድ ሲያልቅ 100 ሚሊጁል ይፈጃል እንበል። ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሰን ቮልቴጁን ወደ 0.7 ብናወርደው፥ 0.7 በ0.7 ሲባዛ 0.49 ነው፤ የፍጥነቱ ግማሽ ሲታሰብ በሴኮንድ 24.5 ሚሊጁል ይሆናል። ሥራው አሁን 2 ሴኮንድ ስለሚወስድ ጠቅላላው 49 ነው። በዝግታ መሥራት ከግማሽ በላይ አተረፈልን ማለት ነው።

ይሁን እንጂ አንባቢ ቶሎ አይፍረድ። ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አብረው ነቅተው የሚቆዩ እንደ ሜሞሪ ያሉ ክፍሎች በየሴኮንዱ 60 ሚሊጁል የሚበሉ እንደ ሆነ፥ የፈጣኑ ወጪ 160፥ የዝግተኛው 169 ይሆናል። በዚህ ጊዜ ቶሎ ጨርሶ ሁሉንም ማስተኛት ይሻላል። ስለዚህ «ፍጠን» ወይም «ቀስ በል» የሚል አንድ ሕግ አይበቃም።

የእንቅልፍን ነገር ካነሣን፥ ፕሮሰሰር የሚተኛው በደረጃ ነው። እንቅልፉ በጠለቀ መጠን የሚፈጀው ያንሳል፤ ነገር ግን ለመንቃት ይዘገያል፥ መንቃቱም ራሱ ኃይል ይበላል። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረውና ዛሬ የአንድሮይድ ስልኮች መሠረት የሆነው ሊኑክስ፥ ቀድሞ ሥራ ባይኖርም በየሴኮንዱ 100 ጊዜና ከዚያም በላይ እየነቃ «ሥራ አለ ወይ?» ይል ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በር እያንኳኳ ቤተ ሰቡን የማያስተኛ ዘበኛን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2007 ግን ሥራ በሌለ ጊዜ ይህ ምት እንዲቆም ተደረገ። እንደዚሁም ጥቃቅን ጉዳዮችን አጠራቅሞ በአንድ መንቃት መጨረስ ይቻላል፤ የወፍጮ ቤት ባለቤትስ ለአንድ ቁና እህል ብቻ ሞተር ያስነሣልን?

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሳበኝ የሚከተለው ነው። አርም የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2011 ትልልቅና ትንንሽ ፕሮሰሰሮችን በአንድነት የሚያሠራ ዘዴ አስታወቀ። ትልቁ አይሱዙ፥ ትንሹ ባጃጅ ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም። አንድ ኩንታል ጤፍ ለማድረስ አይሱዙ ማስነሣት ነዳጅ ማባከን ነው፤ አሥር ኩንታል በባጃጅ መጫንም አይሆንም። ነገር ግን የሊኑክስ ተራ አስከባሪ ይህን ልዩነት የሚመዝንበት የኃይል ሒሳብ አልነበረውም፤ ሥራን በእኩልነት ማከፋፈልን ብቻ ያስብ ነበር። ፍጥነትን የሚወስነው ክፍል ሌላ፥ እንቅልፍን የሚወስነውም ሌላ ሲሆን፥ ሦስቱም ብዙ ሳይመካከሩ በየፊናቸው ይሠሩ ነበር። አንዱ ሲያስተኛ ሌላው ሥራ ቢልክ ምን ይደንቃል?

እ.ኤ.አ. በ2016 ፍጥነት ወሳኙ ከተራ አስከባሪው ወሬ እንዲቀበል ተደረገ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ በሊኑክስ 5.0 ኃይልን የሚያሰላ ተራ አስከባሪ ገባ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ሥራ ከዚህ በፊት ምን ያህል እንደ ደከመ ይመዘገባል፥ የጥንቱም ሚዛን በየ32 ሚሊሴኮንዱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ሥራው ሲነቃ፥ ለእያንዳንዱ ፕሮሰሰር በተዘጋጀው የኃይል ሠንጠረዥ እየተሰላ ወጪን ጥቂት ብቻ ወደሚጨምረው ይላካል። ከፕሮሰሰሮቹ አንዱ ከ80 በመቶ በላይ የተጫነ እንደ ሆነ ግን ስሌቱ ይተውና ወደ ቀድሞው ማከፋፈል ይመለሳል፤ ሁሉም ሞልቶ ሳለ መምረጥ ትርፍ የለውምና።

አንድ ችግር ቀርቶ ነበር። ያለፈው ድካም ብቻ ሲታይ፥ ሰው በዐይኑ እየጠበቀ ያለውን ሥራና በስተኋላ የሚጎተተውን ሥራ መለየት አይቻልም። በዚያው ዓመት በሊኑክስ 5.3 ለአንድ ሥራ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ማበጀት ተቻለ። አሁን በስክሪኑ ላይ ለተከፈተው ገጽ ወለሉ ከፍ ይደረግለታል፤ በስተኋላ ለሚወርደው ቪዲዮ ግን ጣሪያው ዝቅ ይልበትና፥ እዚያው ባጃጁ ላይ ሆኖ ቀስ እያለ ይሄዳል።