ትምህርት አሥራ አንድ፦ ቦዝ አንቀጽና የሥራ ቅደም ተከተል

ሀ. መግቢያ

የሚከተሉትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ባለጀልባው ዝገቱን ፍቆ ቀለም ቀባ።
2. ባለጀልባው ቀለም ቀብቶ ዝገቱን ፋቀ።

ሥራዎቹ በሁለቱም አንድ ናቸው፤ የተለወጠው የግሦቹ ቦታና መልክ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ሰው ጀልባውን ጠግኗል፤ ሁለተኛው ግን ቀለሙንም ገንዘቡንም ወንዝ ጥሎታል። «ፍቆ» እና «ቀብቶ» የሚሉት ቃላት ቦዝ አንቀጽ ይባላሉ። ከማሰሪያ አንቀጹ በፊት የተፈጸመውን ድርጊት ያመለክታሉ እንጂ ራሳቸውን ችለው ዓረፍተ ነገር አያስሩም። የሥራን አካሄድ የሚገልጽ ድርሰት የሚቆመው በእነዚህ ላይ ነው።

ለ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ ልብ ብላችሁ አንብቡ፤ ቦዝ አንቀጾቹንም በደብተራችሁ ጻፉ።

አሮጌው የሞተር ጀልባ

ከመቱ ተነሥቶ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ ቡሬን ያቋርጣል። ከቡሬ ወዲያ ደጋው እየቀረ ቆላው ይተካል፤ መንገዱም ባሮ ወንዝ ዳር ይደርሳል። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል በባሮ ላይ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ተፈቀደ፤ ጣቢያውም ጋምቤላ ላይ ተመሠረተ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ተጭኖ ቁልቁል እየወረደ፣ ጋምቤላ ላይ ወደ መርከብ ተዛውሮ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። መርከቦቹ የሚመጡት ክረምት ጠብቀው ነው፤ በበጋ ባሮ ስለሚጎድል ትልቅ መርከብ አያሳልፍም። ውሃው ሳይጎድል ያልተመለሰ መርከብ የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።

አሁን አንድ የቡሬ ነጋዴ በባሮ ላይ ሰውና ዕቃ ለማመላለስ አሮጌ የብረት ሞተር ጀልባ በርካሽ ገዛ እንበል። አሮጌ ጀልባ ሲገዙት ርካሽ ነው፤ ሲያኖሩት ግን ውድ ነው። በውጭ አገር ያት የሚባለውን የመዝናኛ ጀልባ አሮጌውን የሚገዙ ሰዎችም የሚያማርሩት ይህንኑ ነው። ነጋዴው ለጥገና የተረፈው ገንዘብ ጥቂት ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ በመጀመሪያ ለየትኛው ያውጣ?

ወዳጆቹ «መቀመጫውን አሳድሰህ፣ ደማቅ ቀለም ቀብተህ ሥራ ጀምር፤ ተሳፋሪ የሚያየው መልኩን ነው» አሉት። ነጋዴው ግን መካኒክ አማክሮ ሌላ መንገድ ያዘ። በበጋ ጀልባውን ወደ ደረቅ መሬት አስጎትቶ በእንጨት ላይ አስቀመጠው። ከዚያም ትንሽ መዶሻ ይዞ የሆዱን ላሜራ ከጫፍ እስከ ጫፍ መታ መታ አደረገው። ጤነኛ ብረት ሲመታ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ዝገት የበላው ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ በታፈነበት ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጎ፣ የሳሳውን ላሜራ አስቆርጦ በአዲስ አስበየደ። በጨዋማ ባሕር ላይ የሚሠራ ጀልባ ከዚህ ይበልጥ ፈጥኖ ይዝጋል፤ የወንዝ ጀልባ ግን የሚዝገው ቀስ ብሎ ስለሆነ ባለቤቱን ያዘናጋዋል። ብየዳው ካለቀ በኋላ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቆ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ አድርቆ፣ ዝገት መከላከያ ቀለም ቀባው። እርጥብ ብረት ላይ የተቀባ ቀለም ውሎ አድሮ ይላጣልና።

ቀጥሎ ሞተሩን ያዘ። አሮጌውን ናፍጣ ከጋኑ አፍስሶ ከሥር የተጠራቀመውን ውሃና ዝቃጭ አጠበ፤ ማጣሪያውንም ለወጠ። ናፍጣ ውስጥ የገባ ውሃ ሞተርን ወንዝ መካከል ያጠፋል፤ ሞተሩ የጠፋ ጀልባ ደግሞ የሚሄደው ወንዙ ወደ ወሰደው ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚገባበትን ቱቦ ከቅጠልና ከደለል አጸዳ። ተሽከርካሪውን ክንፍ የሚያዞረው ዘንግ ከጀልባው ሆድ በሚወጣበት ቀዳዳ ውሃ እንዳይሰርግ ማሸጊያውን አሳድሶ ግራሶ ሞላው። ይህን ሁሉ ጨርሶ ገንዘቡን ሲቆጥር ለመቀመጫው የሚሆን አልተረፈውም። ሰኔ ገባ፤ ዝናም ዘንሞ ባሮ ሞላ። ጀልባው በአሮጌው መቀመጫ ወንዝ ገባ።

ሐ. ማብራሪያ

ቦዝ አንቀጽ እንደ ባለቤቱ ይረባል፦ ፍቄ፣ ፍቀህ፣ ፍቀሽ፣ ፍቆ፣ ፍቃ፣ ፍቀን፣ ፍቃችሁ፣ ፍቀው። የቦዝ አንቀጹና የማሰሪያው ባለቤት አንድ መሆኑ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ «ዝናም ዘንሞ ባሮ ሞላ» በሚለው የዘነመው ዝናም፣ የሞላው ባሮ ነው። እንዲህ ያለው አገባብ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ካልተጠቀሰ አንባቢ ይደናገራል። «ሞተሩ ሞቆ አጠፋው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ማን እንዳጠፋው ሊነግረን ይገባል።

ቦዝ አንቀጽ በ«አል» አይፈርስም። አሉታው በ«ሳይ» ይነገራል፦ «ሳይፍቅ ቀባ»፣ «ሳያደርቅ ቀባ»። ደግሞም ቦዝ አንቀጽ ሁልጊዜ ቅድሚያን አያመለክትም፤ «ቆሞ ጠበቀ» ሲባል መቆሙና መጠበቁ አብረው የሆኑ ናቸው። ልዩነቱን የሚነግረን ዐውደ ንባቡ ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በርካታ ቦዝ አንቀጾችን በአንድ ማሰሪያ ላይ የሚደረድሩ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። በምንባቡ ውስጥ «ፍቆ፣ ጠርጎ፣ አድርቆ» የተደረደሩት የአንድ ሥራ ክፍሎች ስለሆኑ ነው። የሞተሩ ሥራ ግን ሌላ ስለሆነ አዲስ አንቀጽ ተሰጥቶታል።

መ. መልመጃ

1. ነጋዴው የወዳጆቹን ምክር ያልተቀበለው ለምንድን ነው? በሦስት ዓረፍተ ነገር መልሱ።
2. የሚከተሉትን በቦዝ አንቀጽ አገናኝታችሁ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ጻፉ፦ ናፍጣ ሞላ። ማጣሪያውን ለወጠ። ጋኑን አጠበ። አሮጌውን ናፍጣ አፈሰሰ።
3. «ላሜራውን ሳይመረምር ሞተሩን አስጠግኖ ወንዝ ገባ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ጀምራችሁ ቀጥሎ የሚሆነውን በአንድ አንቀጽ ጻፉ።
4. በአካባቢያችሁ የሚጠገን አሮጌ ዕቃ፣ ወፍጮም ሆነ ብስክሌት ወይም የቡና መፈልፈያ፣ ምረጡ። ጠጋኙን ጠይቃችሁ፣ ገንዘቡ ለሁሉም ባይበቃ መጀመሪያ የሚሠራውንና መጨረሻ የሚተወውን ለይታችሁ፣ ሁለት ገጽ ድርሰት ጻፉ።