ጤፍ ነው የምትዘራው ወይስ ድንች?

አምና መጋቢት ላይ፣ መካነ ሰላም ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ፣ ሦስት ሜትር በአራት የምትሆን ባዶ መሬት ሣር ላለብሳት ተነሣሁ። ዘሩ ከአዲስ አበባ በላስቲክ ታሽጎ የመጣ ነው። መሬቱን በዶማ ገለበጥኩ፤ ጓሉን እንዳለ ተውኩት፤ ዘሩን በትኜ አንድ ስንዝር ያህል አፈር መለስኩበት። ላቤን እየጠረግኩ ቀና ስል የጎረቤቴ አባት አጥሩን ተደግፈው ያዩኛል።

«ልጄ፣ ጤፍ ነው የምትዘራው ወይስ ድንች?»

«ሣር ነው አባባ።»

«ጤፍስ ሣር አይደል እንዴ!» ብለው ሳቁና ሄዱ።

በወሩ ከዚያች መሬት ላይ የበቀለው አረም ብቻ ነበር። ዘሩን ሰደብኩት፤ የሸጠልኝን ሰው ሰደብኩት፤ ብርዱንም አልማርኩትም። ዘንድሮ ግን ቡና አስፈልቼ ሽማግሌውን ጠራኋቸውና ምን ማለታቸው እንደነበር ጠየቅኳቸው። የነገሩኝን እኔ ብቻዬን ይዤው መቅረት የለብኝም።

አንዲት የስንዴ ፍሬ ወደ 150 የጤፍ ፍሬ ትመዝናለች ይባላል። የሣር ዘርም ትንሽ ነው። ትንሽ ዘር የያዘው ስንቅ ትንሽ ነው፤ ስንቁ ሳያልቅ ብርሃን ማየት አለበት። ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ ቢበዛ አንድ ሴንቲ ሜትር አፈር ቢለብስ ይደርሳል። እንደ ድንች ስንዝር ሙሉ ከጫንክበት መብቀሉንስ ይበቅላል፤ ግን ወደ ላይ ሲገፋ ሲገፋ ስንቁ አልቆ መንገድ ላይ ይቀራል። የኔም ዘር የሞተው ሰንፎ አልነበረም። በጣም ቀብሬው ነው።

አሁን የናንተን ዕቅድ አስቡ። በዚህ ዓመት እንግሊዝኛ እማራለሁ ብላችሁ በቀን ሁለት ሰዓት መደባችሁ። ሱቅ እከፍታለሁ ብላችሁ መደርደሪያው ካልሞላ አልጀምርም አላችሁ። እኔ ራሴ መጽሐፍ እጽፋለሁ ብዬ አሥራ ሁለት ምዕራፍ ያለው ንድፍ አወጣሁ፤ ንድፉ ዛሬም አለ፤ ከመጽሐፉ ግን አንድ ገጽ የለም። ሰው «ዓላማ የለኝም» ብሎ ራሱን ሲወቅስ እሰማለሁ። ኧረ ዓላማስ ነበረ! የስንዝር አፈር ጫንንበት እንጂ። በቀን አምስት ቃል፣ በጉልት አንድ መደብ፣ ከእራት በፊት አንድ አንቀጽ፦ አንድ ሴንቲ ሜትር ማለት ይኼ ነው። እንዲህ ያለውን ጅማሬ ማንም አያጨበጭብለትም፤ ግን ብርሃን ያያል።

ሽማግሌው ሁለተኛ ያሳዩኝ መርገጥን ነው። ገበሬው የጤፍ ማሳውን አራት አምስት ጊዜ አርሶ፣ አለስልሶ፣ ከመዝራቱ በፊት በከብት ያስረግጠዋል። ልጅ ሳለሁ ይኼ ነገር ግራ ያጋባኝ ነበር፤ ያን ያህል የለፋበትን አፈር መልሶ መርገጥ ምን ይሉታል? ለካ አፈሩ ከተንሳፈፈ ዘሩ ሰምጦ ይጠፋል፤ ባይሰምጥም ሥሩ የሚይዘው ያጣል። እኔ በሬ ስለሌለኝ ዘንድሮ ጓሉን ሰባብሬ፣ ድንጋይ ለቅሜ፣ ጣውላ አንጥፌ በላዩ ተመላለስኩበት። ዘሩን በካሬ ሜትር 30 ግራም ያህል፣ ግማሹን በቁመት ግማሹን በወርድ በትኜ፣ አፈሩን በቅርንጫፍ ጫር ጫር አድርጌ እንደገና ረገጥኩት። ከላይ የጤፍ ጭድ ሳሳ አድርጌ በተንኩ።

አደራ፣ ይህን ሁሉ የምተርከው «መረገጥ ያጠነክራል» ልላችሁ አይደለም። ያን አባባል አልወደውም፤ የረገጡ ሰዎች የሚያወሩት ይመስለኛል። የምለው ስለ መጠጋት ነው። ዘር አፈር ካልነካው አይበቅልም፤ ዕቅድም የዕለት ኑሯችሁን ካልነካው እንደዚያው ነው። የዕቅዳችሁ ደብተር መደርደሪያ ላይ ከሆነ ተንሳፍፏል። ትራስ ሥር፣ ምጣዱ አጠገብ፣ የሱቁ ባንኮኒ ላይ ይቀመጥ።

ጊዜውስ? እኛ አዲስ ነገር የምንጀምረው መስከረም 1 ቀን ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ሊቃውንት ግን ጸደይን የሚቆጥሩት ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው፤ በመስከረም ማብቂያ የሚገባው የአበባ ወቅት በነሱ ስሌት መፀው ነው። እንግዲህ ዕቅዳችንን የምንበትነው ዝናቡ ሻንጣውን ሲሸክፍ፣ ከፊት ውርጭ እየመጣ ነው ማለት ነው! በዓሉን አልነካም፤ ግን መስከረም ያለፈበት ሰው እስከ መስከረም ይጠብቅ ያለው ማነው? በወሎ፣ በለጋምቦ ደጋ ያለ ገበሬ በበልግ ይዘራል። በልግ ደግሞ ቃሉን የማይጠብቅ እንግዳ ነው። በ2007 ዓ.ም. በልጉም ክረምቱም ከዱት፤ በ2008 በልግ እንደገና ዘር ይዞ ወጣ። ወሎ ውስጥ ስለ ተስፋ ለማስተማር የሚነሣ ሰው ይህን ሰው አስቀድሞ ቢያዳምጥ ይሻላል።

ውኃ ማጠጣቱ ብዙ ወሬ የለውም። የሃይላንድ ክዳን በሚስማር በሳስቼ ጠዋትና ማታ አርከፈከፍኩ፤ በጆግ ከደፋችሁት ዘሩ ተጠራርጎ አንድ ጥግ ይከማቻል። ትዕግሥት የጠየቀኝ ሌላ ነው። ዘሩ ድብልቅ ነበር። ራይግራስ የሚባለው በሳምንቱ ብቅ አለ፤ ፌስኪዩ የሚባለው ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ከዚያም የሚዘገይ አለ፤ አፈሩ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሁሉም ይቆያል። በሳምንቱ ያልበቀለውን «ሞቷል» ብዬ ቆፍሬ ቢሆን ኖሮ ሕያውን እገድል ነበር። ፌስኪዩ፣ ይገርማችኋል፣ ከዚህ ብዙም በማይርቀው በደንቆሮ ጫካ፣ በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ደጋ ላይ የሚበቅለው የጓሳ ሣር የቅርብ ዘመድ ነው። የባሕር ማዶ ነው ብዬ ያማረኝ ሣር ዘመዱ እዚሁ ነበር።

ጓሳን ካነሣን፣ የመንዝ ሰዎች ጓሳቸውን ከአራት መቶ ዓመት በላይ በሥርዓት ጠብቀዋል። ቄሮ በሚባለው ደንባቸው መስኩን ለዓመታት ዘግተው፣ ሲደርስ ብቻ ከፍተው ያጭዱ ነበር። እኔም ግቢዬ ላይ እሾህ አጠርኩ። ዶሮ ከለከልኩ፤ ልጆች ከለከልኩ፤ በሣሩ ላይ አቋርጦ መሄድ የለመደውን አከራዬን እንኳ እጅ ነሥቼ ከለከልኩ። አዲስ ጅማሬ ያለው ሰው ለጥቂት ሳምንት «ይቅርታ፣ ዛሬ አይመቸኝም» ማለት መቻል አለበት። ይሉኝታ ስንቱን ቡቃያ አስረግጧል!

ባለፈው ቅዳሜ ሣሩ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ደረሰ። ሽማግሌው ማጭዴን በጣታቸው ነክተው «ሳለው፤ ዱልዱም ከሥሩ ይነቅለዋል» አሉኝ። ስዬ ስድስት ሴንቲ ሜትር አስቀርቼ አጨድኩት፤ በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አይነካም። ያቺን ጥቂት ሣር ለቡናችን ጎዘጎዝናት።

መካነ ሰላም ብቅ ካላችሁ ቡና አለ፤ ኑ። በበሩ ግራ በኩል ግን ዙሩልኝ፤ ሣሩ ገና ስድስት ሳምንቱ ነው።