ዓመት ቢቆጠርም ጋብቻ በራሱ አይፈርስም

ባል መርካቶ ሱቅ ውስጥ፣ ሚስት ጉራጌ አገር፣ አረቅጥ እንሰቱ ጓሮ። መጀመሪያ በየመስቀሉ ይመጣ ነበር፤ በኋላ መምጣቱም ገንዘብ መላኩም ቀረ። እንዲህ የተራራቁ ጥንዶች «አሥር ዓመታችን፤ ተፋተናል» ይላሉ። ዓመት መቆጠሩ ብቻ ግን አያፋታቸውም።

መጀመሪያ አኗኗርዎን ይለዩ። ሽማግሌ ተልኮ፣ በባህሉ ወግ ተድረው ከሆነ፣ ወረቀት ባይኖርም በሕግ ያገቡ ነዎት። ወግ ሳይኖር አብራችሁ ከኖራችሁ ግን ሕጉ «ከጋብቻ ውጪ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖር» ይለዋል። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይህን ግንኙነት ማንኛቸውም ወገን በፈለጉ ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ፤ የፍቺ ውሳኔ አያስፈልገውም። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ከዘለቀ ግን በዚያ ጊዜ የተፈራው ንብረት የጋራ ነው፤ ካልተስማሙ ክፍፍሉ ፍርድ ቤት ይወስድዎታል። ይህን ከሚኖሩበት ክልል የቤተሰብ ሕግ ጋር ማመሳከሩን ለጠበቃ ወይም ለማመልከቻ ጸሐፊ ይተዉት።

ለባለትዳሮቹ ሽማግሌ ይቀድማል፤ አልቃወምም። በዱሮው የጉራጌ ሥርዓት ባል «አንቂት» ካለባት ሴት ያለ እሱ ፈቃድ ሌላ ማግባት አትችልም ነበር፤ የጉራጌ ሴቶች መብት ተሟጋቿ የቃቄ ወርድወት በባህላዊው የጆካ ሸንጎ ፊት የተሟገተችው ይህን ጭምር ተቃውማ ነው። ዛሬ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ልጅና ንብረት ላይ ካስማሙ ስምምነቱን በጽሑፍ ያድርጉት፤ የፍቺ ጥያቄው በስምምነት ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ሙስሊም ጥንዶች ሁለቱም ከፈቀዱ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ።

ስምምነት ከሌለ ማመልከቻዎን ለወረዳው ፍርድ ቤት ያቅርቡ። የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የመሬት ይዞታ ደብተር፣ ሠርጉን የሚያውቁ ምስክሮች ስም አይጉደል። መክፈል ካቃተዎት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ይጠይቁ። የባል አድራሻ ከታወቀ መጥሪያ ይላክለታል፤ ጠፍቶ ከሆነ ተፈልጎ አለመገኘቱን በቃለ መሐላ አስደግፈው በጋዜጣ እንዲጠራ ያመልክቱ። ፍርድ ቤቱ ለማሰቢያና ለዕርቅ እስከ ሦስት ወር ሊሰጥ ይችላል። እስከዚያው ግን የልጅ ቀለብ እንዲቆረጥ፣ ንብረት እንዳይሸጥ ጊዜያዊ ትእዛዝ ከመጀመሪያው ቀን ይጠይቁ። ብዙዎች ይህን ይረሱታል፤ ሱቁም ቤቱም ስም ዞሮ ይጠብቃቸዋል።

ንብረቱ ላይ ቆም ይበሉ። ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ ተለያይታችሁም የተፈራው የጋራ እንደሆነ ይገመታል። መርካቶ ያለው ሱቅ በባል ስም መሆኑ ብቻ የግሉ አያደርገውም፤ የግሌ ነው ባዩ ያስረዳል። እርስዎ በጓሮው ያሳደጉት እንሰትም በዚያው ሚዛን ይገባል። ባል «ከተለያየን ቆይተናል» ማለቱ አይቀርም። መከራከሪያም አለው፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 20938 ጥንዶች ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ሌላ ሕይወት ከመሠረቱ፣ የፍቺ ውሳኔ ባይኖርም ጋብቻው እንደፈረሰ ሊቆጠር እንደሚችል ተናግሯል። ስለዚህ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደመጣ፣ መቼ ገንዘብ እንደላከ፣ ሌላ ትዳር ይዞ እንደሆነ የሚናገሩ ምስክሮች ያሰናዱ። መዘግየት ይህን መከራከሪያ ያጎለብትለታል።

ውሳኔው ሲሰጥ ግልባጩን ያውጡና ፍቺውን በቀበሌው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ያስመዝግቡ። ከፍቺ ውሳኔ በፊት ሌላ ማግባት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 650 ያስቀጣል።