ነፋስና ዳገት፦ የተሳቢ መኪና ናፍጣ የት ያልቃል?

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ከአሰብ ወደብ የተነሣ የርዳታ እህል በባቲ በኩል ኮምቦልቻና ደሴ ይደርስ የነበረው በጭነት መኪና ነው። ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ጭነቱ የሚነሣው ከጅቡቲ ቢሆንም፣ ከሚሌ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወጣው መንገድ ያው ነው። የናፍጣው ዋጋ የሚከፈለው ለተራበው ከተሰበሰበው የአደራ ገንዘብ ስለሆነ፣ ናፍጣው የት እንደሚያልቅ ማወቅ ይገባናል። መኪናን ከሚያደክሙት ነገሮች ሁለቱን እንመልከት።

1. በሜዳ፣ ነፋስ

በአፋር ሜዳ መኪናው አየሩን እየገፋ ይሄዳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት ከ60 ወደ 80 ኪሎ ሜትር ብንጨምር እንኳ ተቃውሞው ወደ 1.8 እጥፍ ይደርሳል።

የጭነቱም ቅርጽ ዋጋ አለው። ከጋቢናው በላይ የተቆለለ ጭነት እንደ ግድግዳ ነፋሱን ይጋፈጣል። ያልተወጠረ ሸራ እየተርገበገበ ጉልበት ያባክናል። በመኪናውና በተሳቢው መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋም አየሩ እዚያ ገብቶ ይሽከረከራል፤ የተሳቢውን ግንባር እንደገና ይመታል።

2. በዳገት፣ ክብደት

ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን 600 ሜትር ያህል ይጨምራል። መኪናው እያዘገመ ስለሚወጣ ነፋሱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ዋናው ክብደቱ ነው። በስሌት ሲታይ አንድ ቶን፣ ማለትም 10 ኩንታል፣ ይህን ከፍታ ለማውጣት ግማሽ ሊትር ያህል ናፍጣ ይጠይቃል። ለ30 ቶን 15 ሊትር መሆኑ ነው። ይህን የትኛውም ቅርጽ አይቀንሰውም።

ምን እናድርግ?

ሀ. ጭነቱን ዝቅና እኩል አድርገን እንደርድር፤ የተሳቢው ጭነት ከፊተኛው አይብለጥ።
ለ. ሸራውን ወጥረን በገመድ አጥብቀን እንሰር።
ሐ. በሜዳው ላይ ፍጥነት እንቀንስ።
መ. ለደሴ የማያስፈልገውን ዕቃ ኮምቦልቻ እናውርድ።
ሠ. ሾፌሮች የሜዳውንና የዳገቱን ናፍጣ ለየብቻ ይመዝግቡ፤ አንድ ላይ ከተደመረ ጥፋቱ የት እንደሆነ አይታይም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የእኛ መኪናዎች ጭነት ከጋቢናው ምን ያህል ይበልጣል?
2. በአንድ ጉዞ 10 ሊትር ብናድን፣ በዋጋው ስንት ኪሎ እህል ይገዛል?