የእንግሊዝኛ ቃልና የንባብ ቤት ትምህርታችን



ከአብነት ትምህርት ቤት የመጣ ወንድም እንግሊዝኛ ሲያነብ ከመካከላችን የሚስቅበት አይጠፋም። እኛ ግን ይህ ወንድም ከእንግሊዝኛው ከበድ የሚለውን ትምህርት አስቀድሞ በግእዝ የቀመሰ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

የንባብ ቤት ተማሪ ፊደል በመቁጠር ብቻ አያነብም፤ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ ለይቶ ያነባል። ቀደሰና ሰገደ ተነሽ ናቸው፤ ጥሎ ያነበባቸውን ተማሪ የኔታ ወዲያው ያርሙታል። በእንግሊዝኛም ከቃሉ ክፍሎች አንዱ ከሌሎቹ ጠንከርና ከፍ ብሎ ይነገራል። ሪከርድ የሚለውን እንውሰድ። ኃይሉ በመጀመሪያው ክፍል ላይ ሲያርፍ ስም ነው፤ መዝገብ ወይም የዘፈን ሸክላ ማለት ይሆናል። ወደ ሁለተኛው ሲዛወር ግስ ነው፤ መዘገበ፣ ድምፅ ቀዳ ማለት ነው። አጻጻፉ ግን ያው አንድ ነው። ፐርሚትም እንዲሁ ስሙ የፈቃድ ወረቀት፣ ግሱ ፈቀደ ነው።

በማጥበቅ በኩል ግን መጠንቀቅ ይገባል። በአማርኛ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ውስጥ እንዲህ ያለ ልዩነት የለውም። ስለዚህ ሃፒ በሁለት ፊደል ተደግሞ ቢጻፍም «ፒ» አይጠብቅም። በአንጻሩ የአናባቢው ማጠርና መርዘም ትርጉም ይለውጣል፤ ሺፕ ባጭሩ መርከብ፣ ረዘም ሲል በግ ነው። የጠፋውን በግ ምሳሌ በእንግሊዝኛ የሚተርክ ሰው ይህን ካሳሳተ እረኛውን የመቶ መርከብ ባለቤት ያደርገዋል!

ስለ ቃል አመሠራረት በአጭሩ፦ እንግሊዝኛ ሆሊ የሚለውን ሳይነካ ከፊቱ አን፣ ከኋላው ነስ ይቀጥላል። ግእዝ ግን ሦስቱን ፊደላት ይዞ ውስጣቸውን ይለዋውጣል፤ ቅዱስ፣ ቅዳሴ፣ መቅደስ።

ስለ ትርጉም ደግሞ ጎስፔል የሚለውን እንይ። የጥንት እንግሊዞች የግሪኩን ቃል ወደ ቋንቋቸው ሲተረጉሙ «መልካም»ንና «ዜና»ን አጋጥመው የሠሩት ነው። የመጀመሪያው አናባቢ ረጅም ነበር፤ ካጠረ በኋላ ግን ብዙዎች «የእግዚአብሔር ዜና» ማለት መሰላቸው። የእኛ ወንጌል ያንኑ የግሪክ ቃል ሳይተረጉም የተቀበለ ነው። ቸርችም ከግሪክ የመጣ ሲሆን «የጌታ» ማለት ነው፤ ሥሩም በሰሙነ ሕማማት እየሰገድን ኪርያላይሶን ስንል በመጀመሪያ ከአፋችን የሚወጣው «ኪርዬ» ነው።